የወይዘሮ ጠበበኝ ቀሚስ

ወይዘሮ ጠበበኝ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እውነተኛ ስሟን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ግን ያው የድሮው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ትመጣ ነበር። ከቁመቷ የተነሳ በራችን ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ ገብታም ቶሎ ቀና አትልም፤ ጣሪያው ሐሳቡን ቀይሮ ዝቅ የሚልባት ይመስል። ሰላምታው ሳያልቅ፣

«ዛሬም ጠበበኝ» ትላለች።

«የቱ ጋ?» ትላታለች እናቴ፣ ሜትሯን ከአንገቷ እያወረደች።

«የቱ ጋ ልበልሽ፤ ሁሉም ጋ።»

ከዚያ ተያይዘው መጋረጃው ውስጥ ይገባሉ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የምንኖርበት ክፍል የምትሠራበትም ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ መሀል ላይ ጨርቅ የምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደንበኞች የሚለኩበት በመጋረጃ የተከለለ ቦታ። እዚያ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና ግድግዳ የተደገፉ የጨርቅ ጥቅሎች አሉ። ከኋላ ያለችው ትንሽ ጓዳ መኝታችን ናት። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ደግሞ ሽታው ብቻ የሚቀር ሰው ነበር።

ወንድሜ የሚውለው ጠረጴዛው ሥር ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ አይናገርም፤ ስሙን ብትጠራው አይዞርም። የስፌት መኪናዋ ስትሠራ ግን ወለሉ ላይ ጋደም ብሎ ጉንጩን ከብረት እግሯ ጋር ያጣብቅና ዐይኑን ግማሽ ይከድናል። ንዝረቱ ደስ ይለዋል መሰለኝ። መሰለኝ የምለው እሱ ነግሮኝ ስለማያውቅ ነው። መኪናዋ ስትቆም ይነሳል፤ እሱ ሲነሳ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፣ በሩ ገርበብ ካለ እንደ ጥይት ይወጣል። የዚፕ ድምፅ ከሰማ ደግሞ የእጁን አንጓ ይነክሳል፤ ቆዳው እዚያ ላይ እንደ ተረከዝ ደድሯል። ስለዚህ እናቴ ዚፕ አትሰፋም ነበር። ደንበኞች «በዚህ ዘመን ዚፕ የማያውቅ ልብስ ሰፊ!» ብለው ሲስቁባት «ቁልፍ ያምራል» ትላቸዋለች። እኔም እናቴ ዚፕ መስፋት የማይሆንላት እየመሰለኝ በውስጤ አፍርላት ነበር።

የወይዘሮ ጠበበኝ ቀሚስ ጥቁር ሰማያዊ መሬት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው። የተጀመረው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነበር። ፊደል ቆጠርኩ፣ ማንበብ ጀመርኩ፣ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው በቀሉ፤ ቀሚሱ አላለቀም። አንድ ሐሙስ ወገቡ ይጠብባል፤ በሚቀጥለው ይሰፋል። ትከሻው ይተረተራል፣ ይሰፋል፣ እንደገና ይተረተራል። እናቴ የሌላውን ሰው ልብስ በቀጠሮው የምታደርስ፣ «እጇ ፈጣን ነው» የሚባልላት ሴት ነች። ይቺ አንዲት ቀሚስ ብቻ ጣቷ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቃ ቀረች።

ሐሙስ የእኔ ፈንታ ነበር። በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ ከዚያ መኪናዋ ፊት ተቀምጬ መዘውሩን በእጄ አዞራለሁ። ወንድሜ እንዲጋደም መኪናዋ መንቀጥቀጥ አለባት። ክንዴ እስኪዝል አዞራለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የሚመጣው ድምፅ በመኪናዋ ቅጭልጭልታ መሀል እየተቆራረጠ ይደርሰኛል።

«...ትናንት ሙሉ ቀን...»

«...እኔስ ብትይ፣ እኔስ...»

«...አልችልም፤ እውነቴን ነው፣ ከዚህ በላይ...»

አንዳንዴ ደግሞ ሳቅ። ያውም አፍ በእጅ ታፍኖ የሚሳቅ፣ ከሆድ የሚመጣ። ከሳቁ በኋላ ለቅሶ። ከመጋረጃው ሲወጡ የእናቴ ዐይን ቀልቷል። ወይዘሮ ጠበበኝ ቀሚሱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች፤ ጉንጬን ቆንጠጥ ታደርግና፣ «ጎበዝ ዘበኛ» ትለኛለች። እኔ ጉንጬን እጠርጋለሁ።

እናቴ ሌላ ቀን አታለቅስም። ወንድሜ ሰሃን ሲሰብር፣ ለሠርግ የተሰፋ ልብስ ላይ ሲሸና፣ ፀጉሯን ይዞ ሲጎትታት፣ ፊቷ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ዝርግ ነው። የምታለቅሰው ሐሙስ ብቻ ነው። ይህን ለማገናኘት ብዙ መማር አያስፈልግም፤ እኔ በስምንት ዓመቴ አገናኘሁት። ይቺ ሴትዮ እናቴን እያስለቀሰቻት ነው። በዓለም ላይ በቃኝ የማትል ደንበኛ ናት።

አንድ ሐሙስ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ጠፋ። ሹክሹክታም፣ ሳቅም፣ ምንም። መዘውሩን በአንድ እጄ እያዞርኩ በሌላው የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ አደረግሁ። ወይዘሮ ጠበበኝ በእስፒል የተያያዘውን ቀሚስ ለብሳ እንደ ምሰሶ ቆማለች። እናቴ እግሯ ሥር ተንበርክካለች፤ ግንባሯ የሴትዮዋ ጉልበት ላይ ነው፤ እጆቿ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ሴትዮዋ ቁልቁል እያየቻት ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ። አየችኝና ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ።

መጋረጃውን ለቀቅሁት። እናቴ ተንበርክካ እየለመነቻት ነበር። «እባክሽ ይብቃሽ፣ ተቀበይኝ» እያለቻት። ደሜ ፈላ።

ይህን ታሪክ ለእናቴ የነገርኳት በቅርቡ ነው። ሩቅ አገር ሄጄ፣ ብዙ ዓመት ተምሬ፣ ስለ ወንድሜ ዓይነት ልጆችና ስለ እናቶቻቸው ብዙ አንብቤ ተመልሻለሁ፤ ተመልሼ ምን እንደምሠራ ግን አሁንም አላውቅም። እናቴ ቤት ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። «ተቀመጪ እንጂ፣ አዞርሽኝ» ትለኛለች። እኔ በነበርኩበት አገር እነዚህ እናቶች በሳምንት አንድ ቀን እንደሚሰበሰቡ፣ ወንበር ክብ አድርገው ተቀምጠው ያለባቸውን በየተራ እንደሚናገሩ፣ የሚመራቸው ባለሙያ እንዳለ ዘረዘርኩላት።

«ወንበርማ እኛ ጋ አንድ ብቻ ነበር» አለች።

«የቱ ወንበር?»

«የመጋረጃው። እሱ ላይ ደግሞ እስፒል የተሰካበት ልብስ ለብሰው አይቀመጡም።» መርፌዋን አየር ላይ አቆመችው። «ያን ቀን ያየሽው ተኝቼ ነው። ጠርዙን ልለካ ተንበርክኬ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። እሷ ብትንቀሳቀስ ልነቃ ነው። ስለዚህ ቆመች። እስፒሉ ጎኗን እየወጋት እስክነቃ ቆመች። አንቺን ስታይ ትጮኺ ይሆናል ብላ ነፍሷ ወጥቶ ነበር።»

ቀጠለች፤ እኔ መመላለሴን አቆምኩ። ወይዘሮ ጠበበኝም እንደ ወንድሜ ያለች ልጅ ነበረቻት፤ ከአማቷ ቤት ጓዳ ወጥታ የማታውቅ። ከሰፈሩ ማንም አያውቅም። ባሏና አማቷ ያለ ምክንያት ከቤት አያስወጧትም፤ ልብስ ሰፊ ጋ መሄድ ግን ምክንያት ነው። ቀሚስ አንዴ ከተጀመረ እስኪያልቅ መመላለስ ያለ ነው። ልኩ ሲጠብ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይጠብባል። በዚያች አንድ ሰዓት ልጅቷን አማትየዋ ትጠብቃለች፤ ወንድሜን እኔ እጠብቃለሁ። እናቴ ሌላ ሰው የሚያሰፋውን ልብስ በቀኑ ሰፍታ ስትጨርስ፣ ያንን ቀሚስ ሁለቱ ተጋግዘው በሳምንት አንዴ ይተረትሩታል።

እኔ ግን ያን ጊዜ ያየሁትን ብቻ ነበር የማውቀው። የሰማሁት ደግሞ አክስቴን ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከእኛ ግቢ ማዶ ትኖራለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ወንድሜን ገላውን የምታጥበው፣ ጥፍሩን መቁረጥ የሚሆንላት እሷ ብቻ ነበረች። ግን ዐይኗ እናቴ ላይ ነበር። አንድ ቀን ልብስ እያሰጡ ሳለ እንዲህ ስትላት ሰማኋት፦

«እዪው ፊትሽን በመስታወት። አለቅሽኮ።»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ምኑን ደህና ነሽ! ልጁ ሊጨርስሽ ነው። ገጠር ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ሰፊ ሜዳ ነው፣ መኪና የለ፣ በር የለ። ይሩጥ። አባቱ ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ በመኪናው አድርሶት ይመለስ።»

«ማን ያቅፈዋል እዚያ?»

«አሁንስ ማን ያቅፈዋል? አንቺ ቆመሽ እያንቀላፋሽ!»

እናቴ የወንድሜን ሸሚዝ ደጋግማ አራገፈችው፤ ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ።

እንግዲህ እኔ ያወቅሁት ይህን ነው፦ እናቴ እያለቀች ስለሆነ ወንድሜ ሊወሰድ ነው። አክስቴ የምትጨርሳት እሱ መስሏታል፤ የምትጨርሳት ማን እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ሳይመጣ ያቺን ሴትዮ ከቤታችን ማስወገድ አለብኝ። ማስወገጃው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ጠርዝ ማጠፍና ቁልፍ መትከል ከትምህርት ቤት በፊት የተማርኩት ነገር ነው። እናቴ ወንድሜን ይዛ ግቢ ወጣ ባለች ቁጥር እየሰረቅሁ ሰፋሁ። ትከሻውን ገጠምኩ፤ ጠርዙን አጠፍኩ፤ በጀርባው በኩል ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ተከልኩ። ጣቴ ተወጋ፤ ደሙ ነጩ ነጠብጣብ ላይ እንዳያርፍ ጠባሁት። ሲያልቅ በጋዜጣ ጠቅልዬ ራሴ ወሰድኩላት። ሐሙስን አልጠበቅሁም። ከመጣች ደግሞ «ጠበበኝ» ትላለቻ!

ቤቷ የብረት በር ያለው ትልቅ ቤት ነው። እሷ ወደ ገበያ ወጥታ ነበር፤ የከፈተችልኝ አማቷ ናት።

«ቀሚሱ አልቋል» አልኳት።

«አለቀ? ያ ቀሚስ?» አሮጊቷ ጋዜጣውን ገልጣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች። «ኧረ ተመስገን! እኛማ ለልጅ ልጆቿ የምታሰፋ መስሎን ነበር። በይ እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት። ከእንግዲህ መመላለስ ቀረላት።»

ከቤቱ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ነገር በአንድ ዓይነት ምት ግድግዳ ሲመታ ይሰማ ነበር። ድው፣ ድው፣ ድው። ምስማር የሚመቱ መሰለኝ። አሮጊቷ ወደ ኋላዋ አየችና በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ልጅቷ እንደነበረች ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

«ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቀሚስስ?» አለች እናቴ ማታ እቃ ስታነሳ።

«አደረስኩላት። አለቀ።»

«ምን አለቀ?»

«ትከሻውን ገጠምኩት። ጠርዙንም። ቁልፎቹንም ተከልኩ። ለአማቷ ሰጠኋቸው፣ ተመስገን አሉ።»

እናቴ መኪናዋ ፊት ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች፤ ጠቅልላ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው።

«ቁልፎቹን ብቻሽን ነው የተከልሻቸው?»

«ብቻዬን።»

«ጎበዝ» አለች። «ጎበዝ የኔ እናት።» ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። ኩራቱ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

ሐሙስ ደረሰ፤ ማንም አልመጣም። እናቴ ደጋግማ በሩን አየች። ቀጣዩም ሐሙስ እንደዚያው አለፈ፤ ለቅሶ የለም፣ የቀላ ዐይን የለም። የተሳካልኝ መሰለኝ። ከዚያ ግን አንድ ነገር መበላሸት ጀመረ፤ እኔም ከሥራዬ ጋር አላገናኘሁትም። የአንድ ሰው ሸሚዝ እጅጌዎችን ሁለቱንም ለግራ እጅ ሰፋቻቸው። ለሙሽራ የመጣ ጨርቅ ልትቆርጥ መቀሱን ከፍታ፣ ሳትቆርጥ ሳትዘጋው ለረጅም ጊዜ ቆመች። ወንድሜ ሲጮኽ ቀድሞ ትዘፍንለት ነበር፤ አሁን እሷም ትጮኻለች፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ይጮኻሉ፣ እኔ ጆሮዬን ይዤ ጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሸኝታ ተመለሰች፤ በሩን አልዘጋችውም። ረስታው ነው። እሷ በር ረስታ አታውቅም።

ወንድሜን ያገኘችው አክስቴ ናት፤ ዋናው መንገድ መሀል፣ መኪኖቹ ግራና ቀኝ ጥሩምባ እየነፉ፣ እሱ መሀላቸው ክብ እየዞረ። እጁን ይዛ አስገባችው። አልተቆጣችም፤ የሚያስፈራው አለመቆጣቷ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣

«ባልሽ እሑድ ይገባል» አለች። «በቃ።»

እናቴ «እሺ» አለች። እሺ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያኔ ነው።

እሑድ የአባቴ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ገባ፤ ሳመን፤ እናቴን በዐይኑ አላያትም። አክስቴ የወንድሜን ልብሶች በአንሶላ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ እግሯን ከመርገጫው አታነሳም። መኪናዋ እስከሠራች ወንድሜ ተጋድሟል፤ ጫጫታው እስካለ ደግሞ ማንም ከማንም ጋር መነጋገር አይችልም። የሚያስቸኩላት ሥራ ያለባት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ባዶውን ነበር የምትሰፋው።

«አቁሚውና እንነጋገር» አለ አባቴ ጮክ ብሎ።

አላቆመችም።

በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ከፈተች። ወይዘሮ ጠበበኝ ጎንበስ ብላ ገባች፤ ከእጇ አንዲት ልጅ ተያይዛለች፤ በእግር ጣቶቿ ጫፍ የምትራመድ፣ አንድ ዜማ ያለማቋረጥ የምታንጎራጉር፣ እኔን የምታህል ልጅ። ሁለቱም በላብ ርሰዋል።

«ይቅርታ፣ ለቀሚስ አይደለም የመጣሁት» አለች ወይዘሮ ጠበበኝ።

«ይቺስ የማን ናት?» አለች አክስቴ።

«የኔ።»

«ያንቺ? ልጅ አለሽ እንዴ አንቺ?»

«አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

መኪናዋ ቆመች። እናቴ ተነስታ ልጅቷን አየቻት፤ ብዙ የሰማችላትን፣ አንድ ቀንም ያላየቻትን ልጅ።

«በቀን?» አለች። «በመንገድ?»

«በቀን። በዋናው መንገድ። እነሱ በር ላይ ቆመው እየጮኹ።» ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። «ልጁ መንገድ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ስለቀረሁ ነው ብዬ... እንጃ። መጣሁ።»

እናቴ መቀሷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሀል ገፋ አደረገች፤ ልጆች ባሉበት ሁልጊዜ የምታደርገው ነው።

«ትንሽ ጋደም ልበል» አለች፤ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ስትወድቅ ሰማናት። ከዚያ ዝም።

አባቴ ጠበቀ። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ ሞታ እንደሆነ ብዬ በመጋረጃው ሥር አየሁ፤ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። እናቴ ስታንኮራፋ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የምትታፈን መስሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

«አመማት እንዴ?» አለ አባቴ። «ቀስቅሷት፤ መንገድ አለብኝ።»

«አትቀስቅሷትም» አለች ወይዘሮ ጠበበኝ። ወንበሩን ከውስጥ አውጥታ መጋረጃው ፊት አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ልጇ የጨርቅ ቁርጥራጭ እያነሳች ታሸት ጀመር። ወንድሜ ዙሪያውን ይሮጣል። ሁለቱ አልተያዩም፤ እንዳልተጋጩም ግን አስተዋልኩ።

«አንቺ ማነሽ ደግሞ በሰው ቤት?» አለች አክስቴ።

«ደንበኛ ነኝ።»

ብዙም መቆየት አልቻለችም፤ አንድ ሰው ከበር ጠራት፤ ባሏ መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር። ተነስታ ልጇን ያዘች። አባቴ ፊት ቆመች፤ ከእሱ ትረዝም ነበር።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ያሰብከውን ራሷ ስትነቃ ንገራት። እስክትነቃ ልጅህን ያዝ።»

ሄደች። አባቴ «ቀላል ነው» የሚል ፊት ነበረው። መጀመሪያ የስፌት መኪናዋን ሊያንቀሳቅስ ሞከረ፤ ክሩ ተጠላለፈበት። እኔ በመዘውሩ ልርዳው ስል «አንቺ ተዪ» አለኝ። ወንድሜ ግድግዳውን ተላተመ። አባቴ አቀፈው፣ ተነከሰ፤ እየተነከሰ ወደ ውጭ ይዞት ወጣና የራሱን መኪና አስነሳለት።

ወንድሜ ጸጥ አለ። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ጉንጩን በሩ ላይ አጣበቀ፤ ዐይኑ ግማሽ ተከደነ። አክስቴ ቋጠሮውን ይዛ ሮጠች፤ በመስኮት ወረወረችው።

«ገብቷልኮ! ምን ትጠብቃለህ? ሂድ!»

የአባቴ እጅ ማርሹ ላይ ነበር።  መጮኽ ፈለግሁ፤ እናቴ ትነቃለች ብዬ ተውኩት። ለምን እንዳትነቃ እንደፈለግሁ ዛሬም ሳስበው አይገባኝም፤ ምናልባት ማንኮራፋቷ ገርሞኝ ይሆናል።

«ተኝታ እያለች?» አለ አባቴ።

«ይሻላላ! ሳታይ!»

አባቴ ወደ ቤቱ በር አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

ወንድሜ ፈነዳ። ጥሩምባውን ነፋ፣ መስታወቱን መታ፣ የአባቴን ሸሚዝ ከኮሌታ እስከ ሆድ ተረተረው። ጎረቤት ወጣ። «ኧረ ሰው ይተኛበት!» አለ አንዱ። አባቴ ልጁን ተሸክሞ ገባ፤ በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉን ጣለው፤ ፈለገው፤ ወንድሜ ቀድሞ አገኘውና አፉ ውስጥ ከተተው። አክስቴ «ራሴን አመመኝ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። አባቴ ምግብ ሰጠው፤ ግድግዳው ላይ ተመለሰለት። ሊዘፍንለት ሞከረ፤ ግጥሙን አያውቀውም። ሁለት ጊዜ ወደ መጋረጃው ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጁን አንስቶ፣ ሳይነካው ተመለሰ። ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ስትሄድ አየሁ። ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

እናቴ ስትወጣ ጉንጯ ላይ የጨርቅ ምልክት ታትሟል። አባቴ ወለሉ ላይ፣ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ የተቀደደው ሸሚዙ ተንጠልጥሏል። ወንድሜ በዙሪያው ይሮጣል። እናቴ መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ ወንድሜን፣ ከዚያ የቋጠሮውን ቦታ አየች።

«በል» አለች። «ምን ልትለኝ ነበር?»

አባቴ የተቀደደውን ሸሚዙን ሰብሰብ አደረገ።

«ያቺ ረጅሟ ሴትዮ» አለ፣ «መቼ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ሐሙስ ሐሙስ ነበር።»

«ሐሙስ ብቻ?»

«ሐሙስ ብቻ።»

«ሌላ ቀን አትመጣም? ሰኞ... ረቡዕ? ባሏን እኔ አናግረዋለሁ።»

እናቴ ሄዳ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ የተጠላለፈውን ክር ፈታች፤ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። ወንድሜ መጥቶ ጋደም አለ። አባቴ እዚያው በሩ ላይ ዐይኑ ተከደነ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ወንድሜን ሳይዝ ሄደ፤ እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጨነቀው። ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ ነበር። አባቴ ያችን ሴትዮ አንድ ቀን አይቷት ሰኞም ረቡዕም ትምጣ አለ፤ ባሏን ላናግር አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ልንገራት፣ አልንገራት፣ ስል ቆይቼ በመጨረሻ እናቴ ልብስ ስትተኩስ ጆሮዋ ጋ ተጠጋሁ።

«እማዬ፣ አባባ ወይዘሮ ጠበበኝን ወዷታል።»

ካውያውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያስለቀስኳት መስሎኝ ደነገጥሁ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ፤ ያ ከመጋረጃው ጀርባ ታፍኖ የምሰማው ሳቅ፣ አሁን በክፍት በርና በጠራራ ፀሐይ፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ እስክትይዝ፣ እንባዋ የተተኮሰው ሸሚዝ ላይ እስኪንጠባጠብ።

«ይውደዳት የኔ እናት» አለች፣ ትንፋሽ ሲያጥራት። «ምን አለበት። ይውደዳት።»